የሚያጓራው የአክስቴ ምድጃ

«ሥራሽ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልስ ይጠፋኝ ነበር። «እሳት ለምን እንደሚጮህ በኮምፒውተር አሰላለሁ» ስል ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ «ጌታ ይርዳሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ትንሽ አሰብ አድርገው «እሱማ ውኃ ሲደፉበት ነው የሚጮኸው» ብለውኛል። አሁን አሁን ግን ደህና መልስ አለኝ። ያገኘሁትም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም፤ መካኒሳ፣ አክስቴ ዳቦ ቤት ጓሮ፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ላብ በላብ ሆኜ ነው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ያኔ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ቤት ውስጥ ከኮምፒውተሬ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። የማጠናው ይሄን ነው። ነበልባል ዝም ብሎ የሚነድ ይመስላል እንጂ የሚደርሰው አየር ትንሽ ሲወዛወዝ እሱም ሙቀቱን እያበዛና እያሳነሰ ይመልሳል። መልሱ ግን ወዲያው አይመጣም፤ ነዳጁ ወጥቶ እስኪቃጠል ድረስ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል። ነበልባሉ ያለበት ምድጃና ቱቦ ደግሞ እንደ ዋሽንት የራሱ ድምፅ አለው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ስትገፉ አስቡት። በሰዓቱ ከገፋችሁት ከፍ ከፍ ይላል፤ ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ ከገፋችሁት ይቆማል። እሳትም ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር እንዲሁ ነው የሚገፋው። ግፊያው ከገጠመለት ምድጃው ማጓራት ይጀምራል። የኔ ሥራ የትኛው እሳት በየትኛው ቱቦ ውስጥ እንደሚያጓራ አስቀድሞ በስሌት መናገር ነበር። ሞዴል እንለዋለን።

ታዲያ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሞዴሌ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የጋዝ ነበልባል ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ የሚያጓራ እሳት በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። አሰልችቶኝም ነበር። ቁጥር አስገባለሁ፣ ቁጥር ይወጣል፤ ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።

አክስቴ አማረች ያሳደገችኝ ናት። ከሆሳዕና ለትምህርት ስመጣ የተቀበለችኝ እሷ ናት፤ መካኒሳ ውስጥ ለውስጥ ባለው መንገድ ላይ ዳቦ ቤት አላት። ባሏ ካረፈ በኋላ ያንን ዳቦ ቤት ብቻዋን ነው ያቆመችው። ስልክ መደወል አትወድም። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ስትደውልልኝ ደነገጥኩ።

«ምሕረት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አለሽ?»

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ወንበር የሚያወጣ ሰው ያስፈልገኛል። ምድጃውን ላስቆመው ነው።»

«የምን ማስቆም?»

«በቃ ማስቆም። ይጮሃል። የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሰሚራ አራስ ናት፤ እናት አባቷ ቤት መጥታ ነው የምትታረሰው። ሕፃኑ እየበረገገ፣ እሷም እንቅልፍ አጥታ አለቀች አሉ። ከጎረቤት ተጣልቼ ዳቦ አልጋግርም።»

«ምን ዓይነት ጩኸት ነው?»

«ምን ዓይነት ይባላል ጩኸት? እንደ በሬ ያጓራል። ደጉ በያጁ ስንቴ ፈታው። ማራገቢያውን ቀየረ፣ ብሎኑን አጠበቀ፤ ወይ ፍንክች።»

አክስቴ ጨዋ ሰው ናትና ሁሉንም ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ግን ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር ሰማሁት። ያቺ ምድጃ ከጠፋች ዳቦ ቤቱም ያበቃለታል፤ ለሌላ ምድጃ አቅሙ የላትም። እኔ ደግሞ ስለዚሁ ነገር ዓመታት ሳጠና የኖርኩ ሰው መሆኔ ትዝ ሲለኝ በቁሜ ቀዘቀዝኩ። ለካ አክስቴ ምን እንደማጠና አንድም ቀን በወጉ ነግሬያት አላውቅም።

«አክስትዬ፣ ነገ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም አታስቁሚ።»

«ለወንበሩ ቅዳሜ ነው ያልኩሽ።»

«ለወንበሩ አይደለም የምመጣው» አልኳት።

ዓርብ ከሰዓት ከታክሲ ወርጄ ወደ ውስጥ ስታጠፍ ዳቦ ቤቱ ገና ሳይታየኝ ድምፁ ደረሰኝ። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ ደረትን የሚነካ ድምፅ ነው። ደጃፍ ስደርስ የሻይ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ልናገረው ያሳፍራል እንጂ በጣም ደስ አለኝ። አክስቴ ልትዘጋ ነው፣ ጎረቤት ተጨንቋል፣ እኔ ግን እንደ ሙሽራ ፈገግ እያልኩ ነው የገባሁት።

ደጉ እጁ በናፍጣ ጥቁር ብሎ ምድጃው ሥር ተንበርክኳል። የሠፈሩ በያጅ ነው፤ ወርክሾፑ ፉሪ ነው ያለው። እድሜው ከኔ ብዙ አይበልጥም። ጆሮው ላይ ጮክ ብዬ ማንነቴን ነገርኩት።

«ኢንጂነር ነሽ አሉ። እስቲ ነይ ገላግይኝ» አለ።

ስልኬን አውጥቼ ጩኸቱን ቀዳሁት። ደጉ ሽቦ ያለው የሙቀት መለኪያ ነበረው፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ጭስ በሱ ለካን። የነበልባሉን ርዝመት ምድጃው ላይ ባለችው ትንሽ የመስተዋት ቀዳዳ አየሁ። ረዥምና ቀጭን ነው። ከዚያ አክስቴን ጠየቅኳት።

«ጭስ መውጫው ቱቦ ስንት ሜትር ነው?»

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። «ሲገዛ አምስት ሜትር ነው።»

«ሌላ የቀየራችሁት ነገር አለ? ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት?»

«ምን እንቀይራለን?» ብላ ወደ ሊጡ ዞረች። ደጉን አየሁት። እሱም የብሎን ቁልፍ እየፈለገ ነበር፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

እኔ ምኑም አልገባኝም። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ቁጥሮቹን አስገባሁ፣ ጠበቅሁ። መልሱ መጣ። ደግሜ አስገባሁ። ያው ነው። ምድጃው ጀርባዬ ላይ እያጓራ «አክስትዬ፣ በስሌቴ መሠረት ይሄ ምድጃ መጮህ የለበትም» አልኳት።

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ምድጃውን አየች፤ እኔን አየች። «እንግዲያው ሂጂና ለራሱ ንገሪው» አለች።

ደጉ ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አልቻለም። እኔ ኩም አልኩ። ያን ቀን ወደ ለቡ ስመለስ ዓመታት የደከምኩበት ነገር ባዶ መስሎ ታየኝ። የላቦራቶሪ መጫወቻ።

ቤት ገብቼ እራቴን ሳልበላ የቀዳሁትን ድምፅ ከፈትኩት። የሚያጓራ ምድጃ የቱቦውን ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ቱቦው ረዥም ከሆነ ወፍራም፣ አጭር ከሆነ ቀጭን። የአክስቴ ምድጃ ግን አምስት ሜትር ቱቦ ከሚያወጣው በጣም የወፈረ ድምፅ ነበረው። ጭሱ ቀዝቅዞ ይሆን ብዬ ሞከርኩ፤ በደጉ መለኪያ ለክተነዋል፣ የሚያቃጥል ነው። ምድጃው ውስጥ ያለው ክፍተት ይሆን ብዬ ሞከርኩ፤ እሱም አይደለም። የቀረው አንድ ነገር ነው። ቱቦውን አረዝመው ጀመር። ስድስት ሜትር አልኩ፣ አልገጠመም። ሰባት አልኩ፣ ቀረበ። ስምንት ገደማ ስደርስ ከቀዳሁት ድምፅ ጋር ልክክ አለ። እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ርዝመት ሞዴሌ ራሱ «ይህ ምድጃ ያጓራል» አለኝ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ወይ ቱቦው ስምንት ሜትር ነው፣ ወይ ስሌቴ ውሸት ነው። አክስቴ ደግሞ አትዋሽም።

ቅዳሜ በጊዜ ልደርስ ብዬ ታክሲ አጥቼ ዘገየሁ። ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጓሮ ተቀምጠዋል፤ ወንበሩን ያወጣው ደጉ ነው። መሐል ላይ ጋሽ ዳባ አሉ፤ የሠፈሩ የእድር ዳኛ ናቸው፤ የዚያ አካባቢ መሬት ገና እርሻ ሳለ የሚያውቁ ሰው። በግራቸው ጋሽ ሸምሱ ተቀምጠዋል፤ መርካቶ የልብስ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አጥር የሚጋሩን ጎረቤት። ምድጃው እያጓራ ስለነበር ሁሉም ጮክ እያሉ ነው የሚነጋገሩት።

ጋሽ ሸምሱ ተጨንቀዋል። «እትዬ አማረች፣ እኔ ዝጉ አላልኩም፤ አላህ ያውቃል። ልጅቷ አራስ ባትሆን አፌንም አልከፍትም ነበር።»

«እኔ ነኝ የምዘጋው» አለች አክስቴ። «እርስዎ ምንም አላሉኝም። ዛሬ የገባው ዳቦ ሲወጣ አጠፋዋለሁ።»

ጋሽ ዳባ ሊያሳርጉት አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ አላስችል አለኝ። የሆነውን ሁሉ ያመጣው ይሄ ችኩል አፌ ነው።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ። አክስትዬ፣ ቱቦው አምስት ሜትር አይደለም። ስምንት ገደማ ነው። የሚያስጮኸውም እሱ ነው» አልኩ።

ጓሮው ጸጥ አለ ማለት አልችልም፤ ምድጃው አለና። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ጋሽ ዳባ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ደጉ ወደ ሰማይ ያያል። አክስቴ የዚያን ዕለት ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ማነው የነገረሽ?» አሉ ጋሽ ዳባ። ጥያቄው ለኔ ቢሆንም የሚያዩት አክስቴን ነው።

«ማንም አልነገረኝም።»

«ልጄ፣ በሽምግልና ያለቀ ነገር አይነሳም። ተሳስመን፣ መርቀን የተለያየንበት ነገር ነው። ማነው ያነሳው?»

ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብለው ተነሡ። ከፍቷቸዋል። «እትዬ አማረች፣ ቅሬታ ካለዎት በእርስዎ አንደበት ቢነግሩኝ ይሻል ነበር። በልጅ አፍ ባያደርጉት።»

አሁን ገና ገባኝ። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በኋላ እንደሰማሁት የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የምድጃው ጥቀርሻ የጋሽ ሸምሱን ግቢ ሲያጠቁረው፣ የታጠበ ልብስ ሲያበላሽ፣ ሽማግሌ ገብቶ አክስቴ ቱቦውን ለማስረዘም ተስማማች። ደጉ ሦስት ሜትር ቀጠለበት። ቱቦው ጣራው ላይ ታጥፎ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ከታች ለሚያይ ሰው አይታይም። ነገሩ በምርቃት አለቀ፤ ያለቀ ነገር ደግሞ በኛ ሠፈር ዳግም አይወራም። አንሥቶ ማውራት የታረቀን ሰው እንደ መስደብ ነው። ማጓራቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ ጠርጥራ ነበር። «ያስረዘምነው ቱቦ ነው» ብትል ግን ጥፋቱን ወደ ጎረቤቷ መግፋት ይሆንባታል። ስለዚህ ምድጃዋን መዝጋት መረጠች። ደጉም ቃል አለበት፣ አፉን ዘጋ። እኔን ደግሞ «ሲገዛ አምስት ሜትር ነው» አሉኝ። ውሸት አይደለም።

«ጋሽ ሸምሱ፣ በሚያምኑት ይሁንብኝ፣ አክስቴ አንዲት ቃል አልነገረችኝም» አልኩ። «ድምፁ ነው የነገረኝ።»

«ድምፁ?»

«አዎ። ይቀመጡልኝ፤ ላሳይዎት።»

ገብቼ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አመጣሁ። አፉ ላይ ነፋሁበት፤ ወፈር ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ግማሹን ውኃ ሞልቼ ነፋሁበት፤ ቀጠነ። «ባዶው ቦታ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። ይሄ ምድጃ የሚያወጣው ድምፅ ለአምስት ሜትር ቱቦ በጣም የወፈረ ነው። ትናንት ቀድቼው ቤት ወስጄ ለካሁት። ሳሰላው ስምንት ገደማ መጣ። ማን እንዳስረዘመው፣ ለምን እንዳስረዘመው እስካሁን አላውቅም ነበር። አሁንም ባትነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ዳባ ጠርሙሱን ተቀበሉኝና ራሳቸው ነፉበት። ውኃውን ቀነስ አድርገው ደግመው ነፉበት። ወደ ደጉ ዞሩ። «ስንት ሜትር ነው የቀጠልከው?»

«ሦስት» አለ ደጉ። «እኔ ግን ቃል አልወጣኝም፣ ጋሽ ዳባ።»

«ሦስትና አምስት ስምንት» አሉ ጋሽ ዳባ ለራሳቸው። ከዚያ ጋሽ ሸምሱን ክርናቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

የጋሽ ሸምሱ ድምፅ ከወትሮውም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጠጋ ብለን ነው የሰማናቸው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጩኸት ያመጣሁት እኔ ነኛ። እርስዎም ይሄን እያወቁ ሊዘጉ ነበር።»

«ጠርጥሬ ነው እንጂ አላወቅሁም» አለች አክስቴ። «ምን ብዬ ላንሣው? ያለቀ ነገር ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ቱቦው ይቆረጥ። ጥቀርሻው ይሻለናል።»

«እንዴት ተደርጎ? የአራስ ልጅ ጨርቅ በጥቀርሻ? አልቆርጥም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምለው።»

«ቢሉም አልቆርጥም።»

እግዜር ያሳያችሁ። ላለመጣላት የተሰበሰቡ ሰዎች አሁን ማን ይጎዳ በሚለው ሊጣሉ ነው። ጋሽ ሸምሱ ጥቀርሻውን ይዘውት ሊሄዱ፣ አክስቴ ዳቦ ቤቷን ልትዘጋ። ደጉ ጠጋ ብሎ «አንቺ፣ አንድ ነገር በይ» አለኝ።

«ቱቦው አይቆረጥም፣ ምድጃውም አይዘጋም» አልኩ። «እሳቱን ነው የምንቀይረው።»

የዥዋዥዌውን ነገር አስረዳኋቸው። ረዥሙ ነበልባል ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚመልሰው፤ መዘግየቱ ከረዘመው ቱቦ ጋር ገጥሞለታል፤ ለዚያ ነው የሚያጓራው። ናፍጣውን የሚረጨውን ኖዝል ቀይረን ሰፋ አድርጎ እንዲረጭ ብናደርገው ነበልባሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል፣ ቶሎ ይመልሳል፣ ግፊያው ከዥዋዥዌው ጋር ይጣላል። ትናንት ማታ ሞዴሌ እንዲህ ነው ያለኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች አክስቴ።

ልዋሽ ፈለግሁ። ዐይኗን ሳየው አቃተኝ። «ስሌቱ ይላል። በእውነተኛ ምድጃ ላይ ግን ሞክሬው አላውቅም።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ይሞከር። ካልሆነ አጠፋዋለሁ፤ ጋሽ ሸምሱም ቃሌን ይዘዋል።»

ደጉና እኔ ተጣድፈን ፉሪ ወርክሾፑ ሄድን። የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ኖዝሎች ነበሩት፤ አንድ በአንድ አውጥተን አየናቸው። የሚሆነውን ስናገኝ ደጉ በአፉ ነፋበት፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተው። ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ ለሰላት ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ጋሽ ዳባ ከዘራቸውን ተደግፈው ጓሮ ቁጭ ብለዋል፤ አልሄድም አሉ። ምድጃው ጠፍቶ እየቀዘቀዘ ነው። ደጉ ፈታ፣ ገጠመ፣ አጠበቀ።

«ላስነሣው?» አለ።

«አስነሣው።»

ተነሣ። ወዲያውም አጓራ።

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ያው ድምፅ ነው፤ እንዲያውም የባሰ ወፍሯል። አክስቴ ወደ ግድግዳው ሄዳ እጇን ማጥፊያው ላይ አደረገች።

«ቆይ» አልኳት።

«ምሕረት፣ ይበቃል።»

«ቱቦው ቀዝቅዟል። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል፣ በቀዘቀዘ ይዘገያል። እኔ ያሰላሁት ለትኩስ ምድጃ ነው። እስኪሞቅ ጠብቂኝ። እባክሽ አክስትዬ።»

እጇን አላነሣችም፤ አልተጫነችውምም። ቆምን። የመለኪያው ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል። ድምፁን በጆሮዬ እከተለዋለሁ፤ በጣም በዝግታ እየቀጠነ ነው። ደጉ «እየተቀየረ ነው አይደል?» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ድምፁ መወላወል ጀመረ። ከፍ ይላል፣ ይላላል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንዴ ሊጠፋ ብሎ ተመለሰና ልቤን አወረደው። ቀጥሎ ሳልጠብቀው ጥፍት አለ።

እሳቱ ግን ይነዳል። በመስተዋቷ ቀዳዳ አየሁት፤ አጭር፣ ሰፊ፣ ብሩህ። የማራገቢያው ሽውታ ብቻ ቀረ። ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ አቁመዋል። አራታችንም ባለንበት ቀረን።

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ ሕፃን አለቀሰ።

ቀጭን፣ የተቆራረጠች የአራስ ሕፃን ለቅሶ ናት። ከተወለደ ጀምሮ አክስቴ አጥር ተጋርታው ኖራለች፤ ምድጃው ሲያጓራ ውሎ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። አክስቴ እጇን ከማጥፊያው አነሣች። ዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «ይሄን ሁሉ ቀን አጠገቤ ነበር» አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ደጉ ካለቀሰ ግን አላየሁም፤ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ነጠላ ጫማ አጥልቀው እየተቻኮሉ ገቡ። ተቆጥተዋል። እሳቸው ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምነው እትዬ አማረች፣ አጠፉት? ቱቦው ይቆረጥ ነው ያልኩት፣ ምድጃው ይጥፋ አልኩ? እኔ በእርስዎ እንጀራ ልገባ?»

አክስቴ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ምድጃው ወሰደቻቸውና መስተዋቷን አሳየቻቸው። ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነበር።

«ይነዳል እኮ» አሉ።

«ይነዳል» አለች አክስቴ።

ጋሽ ዳባ ከኋላችን መመረቅ ጀመሩ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ለሰሚራ፣ ለሕፃኑ፣ ለዳቦ ቤቱ መረቁ። ለኔም ሲመርቁ «የእሳት ቋንቋ የምትሰማዋን ልጅ» አሉ፤ እስከ ዛሬ ከሰጡኝ ማዕረግ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ታሪኩ ይሄ ነው። እና ምን ለወጠብሽ ትሉኛላችሁ። ሰኞ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ የትንሿን ጋዝ ነበልባል ነገር በቃኝ አልኳቸው፤ የጥናቴ ርዕስ የከተማችን የናፍጣ ምድጃዎች ሆነ። ዛሬ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም ድረስ የዳቦ ቤት ምድጃ ባጓራ ቁጥር ይደወልልኛል፤ ደጉም አብሮኝ ይመጣል፣ ሥራችን ሁሉ የጋራ ነው። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚለኝም መልስ አለኝ፤ «የሚያጓራ ምድጃ ዝም አሰኛለሁ» እላለሁ። ማንም አይስቅም። ብዙዎቹ ስልኬን ይጠይቁኛል።

ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። እኔ ሰው ለጥያቄዬ ሲዘገይ ወይ አያውቅም ወይ ይደብቀኛል ብዬ የምናደድ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ዝም ሲሉኝ ለማን ብለው ይሆን እላለሁ። ሰዎች ከሐፍረት ብቻ አይደለም ነገር የሚሸሽጉት፤ ከደግነትም ይሸሽጉታል፤ የታረቁትን ሰው ላለማስቀየም ምድጃቸውን እስከማጥፋት ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲገጥማችሁ አትጫኑት። ዙሩና ከሌላ በኩል አዳምጡ፤ እኔ ዕድሉን ደግሜ ባገኝ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ፊት ከመዘባረቄ በፊት አክስቴን ለብቻዋ ይዤ ባወራኋት ነበር።

ይሄን ከመጻፌ በፊት ጋሽ ሸምሱን አስፈቅጃለሁ። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጻፊው» አሉ። «ግን ልጁ አሁን እግር አውጥቷል ብለሽ ጨምሪበት። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በር እየሾለከ አማረች ጋ ዳቦ ሊበላ ይሄዳል። ፍለጋ የምወጣው እኔ ነኝ።»